የቤተ መጻሕፍት ካርድና የአንባቢው ምስጢር

ስለ ቤተ መጻሕፍት አባልነት የምትጠይቁን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «እንዴት እንመዘገባለን?» ሲሆን ሁለተኛው «ስማችንን ለምን ይፈልጉታል?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ባጭሩ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ከአገሩ የሸሸ ሰው ጥያቄ ነውና ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲያውስ ለእያንዳንዱ አባል መዝገብ ይከፍታል። በመዝገቡ ላይ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ የካርድ ቁጥር፣ አባሉ የወሰደው መጽሐፍና የመመለሻው ቀን ይሰፍራሉ። በኮምፒዩተር በሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ይህ መዝገብ «አካውንት» ይባላል፤ አባሉ በካርድ ቁጥሩና በምስጢር ቁጥሩ ገብቶ በእጁ ያለውን መጽሐፍ ያያል፣ ቀን ያስጨምራል፣ ሌላ ሰው ለያዘው መጽሐፍ ወረፋ ይይዛል። እዚህ ሐርጌሳ በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ለመመዝገብ የትኛው መታወቂያ እንደሚበቃ እዚያው ሄዶ መጠየቅ ነው።

«ማን ምን እንዳነበበ ቢታወቅ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ካለ፣ በ1969 ዓ.ም አዲስ አበባ በቤት ለቤት አሰሳ ስትታመስ የነበሩ ታላላቆቹን ይጠይቅ። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ የተቃጠለው፣ የተቀበረው፣ ሽንት ቤት የተጣለው ሰው ማንበብ ስለ ጠላ አልነበረም። ዛሬም ነገሩ የፖለቲካ ብቻ አይደለም። ስለ ኤች አይ ቪ የሚገልጽ መጽሐፍ የወሰደች እኅት ወይም የሌላ ሃይማኖት መጽሐፍ የተዋሰ ወጣት ጎረቤት ቢያውቅባቸው፣ ወሬው እነርሱ ከውኃ መቅጃው ሳይመለሱ ቤታቸው ይደርሳል።

አገር ቤት የተማርን ሰዎች በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ኪስ ውስጥ የምትገባውን ካርድ እናስታውሳለን። መጽሐፉን የወሰዱት ሁሉ ስማቸው ከላይ እስከ ታች ተደርድሮባት፣ ቀጥሎ የሚወስደው ያነበው ነበር። በእንግሊዝ አገር ለረጅም ዘመን የተሠራበት የብራውን ዘዴ ከዚህ ይሻላል። አንባቢው ስሙ ያለበት ትንሽ የወረቀት ኪስ ይሰጠዋል። መጽሐፍ ሲወስድ የመጽሐፉ ካርድ በዚያ ኪስ ገብቶ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጣል፤ ሲመልስ ካርዱ ወደ መጽሐፉ፣ ኪሱም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ማን ምን እንደ ወሰደ የሚናገር አንድም መስመር አይቀርም። ስሙ የሚያስፈልገው መጽሐፉ እስኪመለስ ብቻ ስለሆነ ትክክለኛው ይህ ነው እንላለን። ዛሬም ብዙ የኮምፒዩተር መዝገቦች መጽሐፉ ሲመለስ የአንባቢውን ስም ከመጽሐፉ እንዲለዩ ማድረግ ይቻላል።

በአሜሪካ በኮኔቲከት በ2005 እ.ኤ.አ. ኤፍ ቢ አይ የቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ተጠቃሚዎችን መረጃ ሲጠይቅ፣ አራት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች እምቢ ብለው ፍርድ ቤት ቆሙ። ስለ ጉዳዩ እንዳይናገሩም ታግደው ነበር። በ2006 እገዳው ተነሣ፤ ጥያቄውም ቀረ።

እናንተ ስትመዘገቡ ያልተጠየቃችሁትን አትጨምሩ። የስደተኛነት ጉዳያችሁ፣ ከአገር የወጣችሁበት ምክንያትና ብሔራችሁ መጽሐፍ ለመዋስ አያስፈልጉም። መታወቂያ ማሳየትና ኮፒውን ሰጥቶ መሄድም አንድ አይደሉም፤ ኮፒ ከተፈለገ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ካርዳችሁን ለጓደኛ አትስጡ፤ መጽሐፉ ቢጠፋ የሚጠየቀው ባለ ካርዱ ነው። የምስጢር ቁጥራችሁ የልደት ቀን አይሁን። (በምዝገባ ጊዜ ስንቶቻችን ጃንዩወሪ 1 ቀን እንደ ተወለድን ታውቃላችሁ!) በጋራ ኮምፒዩተር ስትጠቀሙ ከመነሣታችሁ በፊት ከአካውንታችሁ ውጡ፤ ገጹን መዝጋት ብቻ አይበቃም።

በእኛ የንባብ ክፍል የውሰት ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፤ መጽሐፉ ሲመለስ ስሙ በወፍራም ቀለም ይሰረዛል። ወላጅ «ልጄ ምን ወሰደ?» ብሎ ሲመጣ ልጁን እንዲጠይቀው እንነግረዋለን። በዚህ የተቀየሙን አሉ፤ ልጆቹ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም።

ለሰፈራ ወደ ሦስተኛ አገር የምትሄዱ ደግሞ መጽሐፉን መልሳችሁ፣ አባልነታችሁ እንዲዘጋና ስልክና አድራሻችሁ ከመዝገቡ እንዲወጣ ከጉዞው በፊት ጠይቁ።