የሠርግ ካሜራ

በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘው ልብ ወለድ ታትሞ ሲወጣ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለችው ማንኩሳ ስሟ አገር አዳረሰ። በዛብህ የተወለደው እዚያ ነበር። ለስለት የተሰጠው ልጅ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሮ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ በፍቅር ወደቀ፤ አንባቢም አብሮት አለቀሰ። ያን ፍቅር ሁሉም በዓይነ ሕሊናው አየው። በሲኒማ ሸራ ላይ ግን ማንም አላየውም። የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ሥራ አልፈቱም ነበር፤ ሕንዱም አሜሪካኑም በየቋንቋው ይፋቀርባቸው ነበር። በአማርኛ የሚፋቀር ለምን ጠፋ?

ሙከራውስ ከዓመት በፊት ተጀምሮ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ኢላላ ኢብሳ የጻፈውና ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ያዘጋጀው «ሒሩት አባቷ ማነው?» ለሕዝብ ቀረበ። በ35 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተሠራ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም የትረካ ፊልም ነበር። ሌሎች ይከተሉታል ተብሎ ሲጠበቅ ዓመታት አለፉ። እንቅፋቱ ያለው እዚያው ካሜራው ሆድ ውስጥ ነበር።

አንድ ሺ ጫማ ርዝመት ያለው የ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል የሚቀርጸው 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። ተዋናይ ቃል ሲስት፣ ደመና ድንገት ፀሐይዋን ሲጋርድ፣ አህያ ስታናፋ፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ፊልም በከንቱ ያልቃል። የተቀረጸውም ታጥቦ እስኪታይ ባሕር ይሻገር ነበር። በደርግ ዘመን መንግሥት የፊልም ኮርፖሬሽን አቋቁሞ ሞከረ፤ ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ኮርፖሬሽኑም ቆይቶ ተዘጋ።

በዚህ መሐል የማንኩሳው ልጅ በሌላ በር ገባ። ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። አንድ ሰው ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ፊታውራሪውንም፣ ጉዱ ካሣንም፣ ሰብለንም ሆነ። አንድ ፈረስ ሳይጫን፣ አንድ ካባ ሳይሰፋ ጎጃም በየቤቱ ገባ። ከዚያ የረከሰና ከዚያ የደመቀ ድራማ እስካሁን መሠራቱን እጠራጠራለሁ! ጆሮ ጠገበ፤ ዓይን ግን ተራውን መጠበቁን ቀጠለ።

መፍትሔው የመጣው ከሠርግ ድንኳን ነበር። የቪኤችኤስ ካሜራ ሙሽራ ሲገባ፣ ሚዜ ሲጨፍር፣ እናት እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ ይቀርጽ ጀመር። ካሴቱ ለሰዓታት ይቀርጻል፤ ያልተወደደው ተደምስሶ በላዩ ይቀረጻል፤ እጥበት የሚባል ጣጣ የለበትም። እውነተኛ ሙሽሮችን የያዘ ካሜራ የልብ ወለድ ሙሽሮችን ምን ብሎ ይመልሳል? ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ካሜራውን ከድንኳኑ አውጥተው ታሪክ ይቀርጹበት ጀመር። ሲኒማ ቤቱ ግን በፊልም ጥቅል የሚሠራ ማሽን ነበረው። ካሴት በብብቱ ይዞ በሩ ላይ የቆመን ሰው ማን ያስገባዋል?

እ.ኤ.አ. በ2002 በሩ ተከፈተ። በቪኤችኤስ የተቀረጸው የሄለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን» ሲኒማ ቤት ገብቶ ታየ። ለቤት ቴሌቪዥን የተሠራ ምስል በዚያ ሁሉ ሸራ ላይ ሲለጠጥ መደብዘዙ አይቀርም፤ ተመልካች ግን የራሱን ሰው፣ የራሱን ሰፈር፣ የራሱን ቋንቋ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ፍቅርንና ኤችአይቪን ያገናኘው የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ተከተለ፤ ሕዝብ ጎረፈለት። ከአሥር ዓመት በኋላ በዓመት ወደ መቶ የሚጠጉ የአማርኛ ፊልሞች ይሠሩ ነበር፤ የሚበዙትም የፍቅር ነበሩ።

ፊልሞቹ በቪሲዲ እየተባዙ ክፍለ ሀገር ወረዱ። የጎጃምን መንገድ የያዙ አውቶቡሶችም ከሾፌሩ ወንበር በላይ ትንሽ ስክሪን ሰቀሉ። ተሳፋሪው ፍኖተ ሰላምን አልፎ ወደ ቡሬ ሲገሰግስ፣ በአማርኛ የሚኳረፉና የሚታረቁ ፍቅረኞች ላይ ዓይኑን ተክሎ ነበር። ማንኩሳ በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ዞር ብሎ ያያት አልነበረም።