ትልቁ ዛላ ትልቅ ይወልዳልን?

በአዊ ዞን በቆሎ የሚያመርት ገበሬ የራሱን ዘር ሲመርጥ የሚከተለው ዘዴ ጥንታዊ ነው። ወፈር ያለውንና ፍሬው የሞላውን ዛላ ለይቶ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል፤ ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቅለታል። ነገር ግን ያ ዛላ የወፈረው በዘሩ ነው ወይስ ከበረቱ አጠገብ ፍግ በጠገበ አፈር ላይ በመብቀሉ?

ለፊዚክስ ሰው ጥያቄው እንግዳ አይደለም። ማንኛውም ልኬት ምልክትና ሁካታ የተደባለቁበት ነው። በበቆሎ ማሳ ምልክቱ ዘረ-መል፣ ሁካታው ደግሞ አፈሩ፣ ውኃውና ተባዩ ነው። የልዩነቱ ስፋት የሚለካው ቫሪያንስ በተባለው ስሌት ሲሆን፣ ይኸውም እያንዳንዱ ዛላ ከአማካዩ የራቀበት መጠን በራሱ ተባዝቶ የሚወሰድ አማካይ ነው። ከጠቅላላው ቫሪያንስ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዘረ-መላዊ ክፍል ያለው ድርሻ ተወራሽነት ይባላል፤ ከ0 እስከ 1 ይደርሳል።

ለማስረዳት ያህል የማሳው አማካይ ዛላ 100 ግራም፣ ለዘር የተመረጡት ግን በአማካይ 160 ግራም ፍሬ ይሰጣሉ እንበል። በሚቀጥለው ዓመት የተመረጠውና ያልተመረጠው ዘር ጎን ለጎን ተዘርተው የተመረጠው በ6 ግራም ብቻ ቢበልጥ፣ 6ን ለ60 አካፍሎ «ተወራሽነቱ 0.1 ነው» ለማለት የሚቸኩል ይኖራል። ሆኖም በቆሎ የሚዳቀለው በነፋስ ነው። ገበሬው የመረጠው እናቲቱን ብቻ ነው፤ የአበባው ዱቄት ከመላው ማሳ የመጣ ነው። ስለዚህ ውጤታማው ብልጫ 30 ግራም፣ ተወራሽነቱም 0.2 ይሆናል።

ተመራማሪዎች በሌላ መንገድም ይደርሱበታል። የአንድ ዛላ ፍሬዎች እናታቸው አንድ፣ አባታቸው ልዩ ልዩ ነው። የብዙ እናቶችን ዘር በየመደቡ ደጋግመው ዘርተው፣ በቤተሰቦቹ መካከል ያለውን ቫሪያንስ ከሁካታው ለይተው በ4 ያባዙታል። 4 ከየት መጣ? ልጅ ከእናቱ የሚወስደው ግማሽ ነው፤ ቫሪያንስ ካሬ ነውና የግማሽ ካሬ ሩብ ይሆናል። ኮምስቶክና ሮቢንሰን በሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጧቸው የማዳቀል ንድፎች በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያሻል። ተወራሽነት እንደ ኤሌክትሮን ቻርጅ ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ የአንድ ማሳና የአንድ የተክል ማኅበር ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከባኮ የወጣው ቢኤች-540 የሁለት ንጹሕ መስመሮች ዲቃላ በመሆኑ በአንድ ማሳ ያሉት ተክሎች በዘረ-መል አንድ ናቸው ለማለት ይቻላል። በዚያ ማሳ ትልቁን ዛላ መምረጥ አፈርን መምረጥ ነው፤ ተወራሽነቱ ዜሮ ነው። ይባስ ብሎ ልጆቹ የዲቃላውን ጉልበት በከፊል ያጣሉ። የዲቃላ ዘር በየዓመቱ የሚገዛው በዚህ ምክንያት እንጂ ሻጭ ስለፈለገ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ ከፍታ ነው። ባኮ 1,650 ሜትር ያህል፣ እንጅባራ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ ይበልጣል። በአንድ ስፍራ ብቻ የተደረገ ሙከራ የዘሩን ብቃትና ከስፍራው ጋር ያለውን መስማማት ደምሮ ተወራሽነቱን ያጋንናል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቢኤች-660 የሚመከረው እስከ 2,200 ሜትር ነው፤ ዳንግላ ከወሰኑ ውስጥ ትገባለች፣ እንጅባራ ግን አትገባም። በአምቦ የደጋ በቆሎ ምርምር ተጀምሮ ጅባትና ወንጪ የተባሉት ዝርያዎች የወጡትም ደጋው የራሱን ዘር ስለሚሻ ነው።

የአካባቢውን ነባር በቆሎ ለሚዘራ ግን ርካሽ መላ አለ። ጋርድነር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ጽሑፍ በነብራስካ ማሳውን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ከየክፍሉ ምርጡን ብቻ በመውሰድ በዓመት ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ የምርት ዕድገት ማግኘቱን አሳይቷል። መሣሪያው ገመድና ችካል ነው፤ በረት አጠገብ የበቀለ ዛላ የሚወዳደረው በረት አጠገብ ከበቀሉት ጋር ብቻ ይሆናል።