የዴይኬር ወጪና ታክስ፦ የሚወራውና እውነታው

«ለዴይኬር የከፈልኩትን ታክስ ስሞላ ይመልሱልኛል» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ከገቢያችን ታክስ በዋናነት የሚወስዱት ሁለት ናቸው፤ ፌዴራሉና ስቴቱ። የልጅ ጥበቃ ወጪን የሚያዩበት ሕግ የተለያየ ነው።

ፌዴራሉ የሚቆጥረው ወላጆች ሥራ ላይ ወይም ሥራ ፍለጋ ላይ ሳሉ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የተከፈለውን ነው። እሱም ጣሪያ አለው፤ በዓመት ለአንድ ልጅ 3,000 ዶላር፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ 6,000 ዶላር። ለሁለት ልጆች 30,000 ዶላር የከፈለም የሚቆጠርለት 6,000 ብቻ ነው። ለእ.ኤ.አ. 2025 ገቢ ከዚህ ላይ እንደ ገቢው መጠን ከ20 እስከ 35 በመቶው ክሬዲት (ካለብን ታክስ ላይ በቀጥታ የሚቀነስ) ይሆናል፤ ገቢው ከ43,000 ዶላር በላይ ለሆነ ሰው 20 በመቶ።

«የስቴቱ የፌዴራሉ ግልባጭ ነው»

ይህ አባባል ሰውን ብዙ ገንዘብ ያሳጣል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ስለሆነ ከዚያው እንይ። ሦስት ባልና ሚስት አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 120,000 ዶላር ያገኛል፣ ለሁለት ልጆች ዴይኬር ከ6,000 ዶላር በላይ ይከፍላል። በ2025 ስሌት ከፌዴራሉ ሦስቱም 1,200 ዶላር ክሬዲት አላቸው። ዲሲ የሚኖሩት የዚህን 32 በመቶ፣ ማለትም 384 ዶላር ይጨመርላቸዋል። ቨርጂኒያ ያሉት ግን ክሬዲት አያገኙም፤ 6,000 ዶላሩ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢያቸው ላይ ይቀነሳል። በ5.75 በመቶ ሲሰላ የሚተርፋቸው 345 ዶላር ነው። ሜሪላንድ ደግሞ ወጪውን ከገቢ ትቀንሳለች፤ ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ በታች ከሆነ በዚያ ላይ ክሬዲት ትጨምራለች። ሁለቱ ለየብቻ የሚሞሉ በመሆናቸው አንዱን ሞልቶ ሌላውን የሚረሳ አይጠፋም።

ልዩነቱ ከእ.ኤ.አ. 2026 ገቢ ጀምሮ ይበልጥ ይሰፋል። በ2025 የወጣው ሕግ የፌዴራሉን ከፍተኛ መቶኛ ወደ 50 ከፍ አድርጎታል። በአዲሱ ስሌት ከላይ ያየናቸው ቤተሰቦች 35 በመቶ ስለሚደርሳቸው 1,200 ዶላሩ 2,100 ይሆናል። የወጪው ጣሪያ ግን 3,000 እና 6,000 ላይ እንዳለ ነው። ቨርጂኒያ የምትከተለው ደግሞ ወጪውን እንጂ መቶኛውን ስላልሆነ የቨርጂኒያው ቤተሰብ የስቴት ቅናሽ ንቅንቅ አይልም።

ካሊፎርኒያ ክሬዲቷን ለመስጠት ጥበቃው እዚያው ስቴት ውስጥ የተሰጠ እንዲሆንና የወላጆች ገቢ ከ100,000 ዶላር እንዳይበልጥ ትጠይቃለች። ቴክሳስና ፍሎሪዳ የግለሰብ ገቢ ታክስ ስለሌላቸው እዚያ የሚሞላ የስቴት ክሬዲት የለም።

«ፌዴራሉ ዜሮ ካለኝ ከስቴቱም አላገኝም»

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የፌዴራሉ ክሬዲት ያለብንን ታክስ ይቀንሳል እንጂ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ የለውም (2021 ብቻ ለአንድ ዓመት ተለይቶ ነበር)። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ዓመታዊ ገቢዋ 22,000 ዶላር ቢሆን፣ እንደ እሷ ላሉ የ2025 መደበኛ ተቀናሽ 23,625 ዶላር ስለሆነ የፌዴራል ገቢ ታክስ የለባትም። ታክስ ከሌለባት ክሬዲቱ የሚቀንሰው ነገር የለም። ወረቀት ላይ ከፍተኛው መቶኛ የተጻፈው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሆኖ ሳለ፣ የሚያገኙት እነሱ አለመሆናቸው ትልቅ ግፍ ነው።

ይህችው እናት ኒውዮርክ ወይም ሚኒሶታ ብትኖር ግን ታሪኩ ይለያል። የሁለቱም ስቴቶች ክሬዲት ታክስ ባይኖርባትም በገንዘብ ይመለሳል። ሚኒሶታ ከዚህም አልፋ፣ ገቢያቸው ከወሰኑ በታች ለሆነ ባልና ሚስት በዓመቱ ውስጥ ልጅ ከተወለደላቸው ለዴይኬር ምንም ባይከፍሉም ክሬዲቱን ትፈቅዳለች፤ ፌዴራሉ ይህን አያውቅም። «ፌዴራሉ ዜሮ ነው» ሲባሉ ወረቀታቸውን አጥፈው የሚሄዱ እናቶች ጥለው የሚሄዱት ይህንን የስቴት ገንዘብ ነው።

«ለአያት የተከፈለ አይቆጠርም»

ይቆጠራል፤ አያትየዋ በእናንተ ታክስ ላይ ጥገኛ ሆና እስካልተመዘገበች ድረስ። ስሟ፣ አድራሻዋና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯ ቅጽ 2441 ላይ ይሞላል፣ እሷም የተከፈላትን እንደ ገቢ ታሳውቃለች። አዲስ አበባ ከአያቱ ጋር ለሚያድግ ልጅ የሚላክ ገንዘብ ግን አይገባም፤ ልጁ ከዓመቱ ግማሽ በላይ ከእናንተ ጋር መኖር አለበት።

«በመሥሪያ ቤት በኩል ያስቀመጥኩትንም ደርቤ እጠይቃለሁ»

አሠሪዎች ከታክስ በፊት ለልጅ ጥበቃ የሚያስቀምጡት ገንዘብ ጣሪያው ከ2026 ጀምሮ ከ5,000 ወደ 7,500 ዶላር አድጓል። ይህ ገንዘብ ግን ከ3,000ው ወይም ከ6,000ው ላይ ይቀነሳል። ሙሉውን 7,500 የተጠቀመ ቤተሰብ ለፌዴራሉ ክሬዲት የሚያቀርበው ወጪ አይተርፈውም።

ባለፉት ዓመታት ሳይጠይቅ ያለፈ ሰው አሁንም ዕድል አለው። የፌዴራሉን በቅጽ 1040-ኤክስ ለማረም አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ይሰጣል። የስቴቱ በራሱ ቅጽ ለብቻው ይታረማል፤ የፌዴራሉን ማረም ብቻውን የስቴቱን አያስተካክልም።