እማማ ፎቅ ላይ እንዳይቀሩ
ለአረጋውያን ወላጆቻችን የቤት አሳንሰር ስንመርጥ

የእናታችሁ መኝታ ቤት የት ነው? ምድር ላይ ከሆነ ይህን ገጽ ለሚያስፈልገው ጎረቤት አቀብሉት። ፎቅ ላይ ከሆነ ግን እስቲ ዛሬ ማታ ደረጃዎቹን ቁጠሩ። ከወለል እስከ ወለል ሦስት ሜትር ያህል በሆነ ቤት፣ የአንዱ ደረጃ ከፍታ 17 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 17 ያህል ታገኛላችሁ። ለእናንተ ምንም አይደለም። ጉልበታቸው ለከዳቸው እናት ግን ጠዋት ለቁርስ፣ ከሰዓት ለቡና፣ ማታ ለጸሎት ወርዶ መውጣት ማለት በቀን ከመቶ በላይ ደረጃ ነው።

ከዚያ የሚሆነውን፣ ለጉብኝት በየቤቱ የምንዞር ሁሉ እናውቀዋለን። በመጀመሪያ ቁርሱ ወደ ላይ ይወጣላቸዋል። «አይድከሙ» ተብሎ ነው፤ በፍቅር ነው። ቀጥሎ ቡናው በስኒ ይላክላቸዋል፤ ጀበናውና ጨዋታው ግን ታች ይቀራል። ኋላ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ «ጋደም ብለዋል» ይባላል። ቤቱን ልጆቻቸው በሰው አገር የሌሊት ሥራ ጭምር እየሠሩ ያቆሙላቸው ሊሆን ይችላል፤ እርሳቸው ግን ከዚያ ሁሉ ቤት የሚያውቁት አንድ ክፍልና አንድ መስኮት ነው። እንደ ልማዳቸው እንውረድ ካሉ ደግሞ መውደቅ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመላው ዓለም በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች ወድቀው በሚደርስባቸው ጉዳት ይሞታሉ፤ ይበልጥ የሚጎዱትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው።

አሳንሰር ከመጠየቃችሁ በፊት ግን አንድ ርካሽ ጥያቄ አለ። መኝታ ቤቱ ወደ ታች መውረድ አይችልም? ብዙዎቹ ጂ ፕላስ 1 ቤቶቻችን ሳሎንና ወጥ ቤቱ ታች፣ መኝታ ቤቶቹ ላይ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ለእንግዳ ተብሎ ታች በተሠራው መጸዳጃ ላይ ሻወር ቢጨመርና ከሳሎኑ አንድ ጥግ ቢከፈል ወጪው ከአሳንሰር ጋር አይወዳደርም። የባልና የሚስት ክርክር የት ላይ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ «ሳሎኑ ይበላሻል» የሚለው ላይ ነው። እንግዳ የሚመጣው አንዳንድ ቀን ነው፤ እናት ግን በየቀኑ አሉ። ብቻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ጓሮ ያለውን ሰርቪስ ቤት «ደረጃ የለውም» ብላችሁ አታቅርቡላቸው። ከደረጃ ያዳንናቸው መስሎን ከቤተሰቡ እናስወጣቸዋለን።

ቤቱ ይህን ካልፈቀደ፣ በደረጃው ዳር በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ወንበር አለ። ግድግዳ አይፈርስም፣ ሶሌታ አይቆረጥም። አብዛኞቹ በባትሪ ስለሚሠሩ መብራት ሲጠፋም ለጥቂት ምልልስ ያገለግላሉ። ችግሩ የብዙዎቻችን ደረጃ መሃል ላይ የሚዞር መሆኑ ነው፤ ለሚዞር ደረጃ ሐዲዱ በልክ ስለሚሠራ ዋጋው እጅግ ይጨምራል፣ ለሌላ ቤትም አይሆንም። ደግሞም ወንበሩ የሚሆነው ራሱን ችሎ መቀመጥና መነሣት ለሚችል ሰው ነው። ጉልበታቸው የማይታጠፍላቸው፣ ወይም ማስተዋላቸው ደክሞ መሃል መንገድ ላይ ሊነሡ የሚሞክሩ ወላጅ ካሉ ይህን አትምረጡ።

«ገመዱ ቢበጠስስ?»

አሳንሰር ሲነሣ እናቶች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። ኤሊሻ ኦቲስ የተባለው አሜሪካዊ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስሙን ያስጠራው ገመድ ቢበጠስ ክፍሉን ባለበት ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ፍሬን በመሥራቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1857 በኒው ዮርክ አንድ የመደብር ሕንፃ ውስጥ የሰው አሳንሰር የተከለውም ይህን ይዞ ነው። እንዲህ ያለ መያዣ የሌለውን አሳንሰር በምንም ዋጋ አትግዙ። በየሰፈሩ ብረት በያጆች የሚሠሩት የዕቃ ማንሻዎች ሲሚንቶ ለማውጣት ጥሩ ናቸው፤ እናት ግን አይወጣባቸውም።

የቤት አሳንሰር በአራት ዐይነት መንገድ ይሠራል። አንዱ በዘይት ግፊት የሚነሣው ሃይድሮሊክ ነው፤ ለስለስ ብሎ ይሄዳል፣ ዘይቱና ፓምፑ ግን የራሳቸው ቦታና እንክብካቤ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው በብረት ገመድና በሚዛን ክብደት የሚሄደው ነው። ሦስተኛው እንደ ብሎን ጥርስ ባለው ረጅም ዘንግ ላይ እየዞረ የሚወጣው ሲሆን የሞተር ክፍል አይጠይቅም። አራተኛው ግልጽ ሲሊንደር ይመስላል፤ ከላይ አየሩ ሲሳብ ክፍሉ ወደ ላይ ይነሣል። ጉድጓድ አያስፈልገውም፣ መብራት ሲጠፋም ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ትንንሾቹ ግን ዊልቸር አይችሉም።

ዊልቸር ላይ ልቆይ። ዛሬ በከዘራ የሚሄዱ አባት ከአምስት ዓመት በኋላ በዊልቸር ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በሩ ሲከፈት 80 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑረው። ዊልቸርና ከኋላ የሚገፋ ሰው አብረው እንዲገቡ የክፍሉ ስፋት 110፣ ርዝመቱ 140 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። በሩ ፊት ለፊት ዊልቸር የሚዞርበት ቦታ ከሌለ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ይህን ደግሞ ሻጩ ሳይሆን እናንተ ራሳችሁ በሜትር ለኩ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ ቁልፉ ነው። በአውሮፓ ደረጃ የሚሠሩ ብዙ አነስተኛ የቤት አሳንሰሮች የሚሄዱት ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተጭኖ ከተያዘ ብቻ ነው፤ ጣት ሲነሣ ይቆማሉ። ለደኅንነት የታሰበ ነው። ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ15 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ አንድ ፎቅ ለመውጣት 20 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ መጫን ያስፈልጋል። ጣታቸው በሪህ ለተጨበጠ እናት 20 ሰከንድ ረጅም ነው። አንዴ ተነክቶ ራሱ የሚሄድ፣ ቁልፉም በዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ሰው በሚደርስ፣ 1 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለ ምረጡ። ከመግዛታችሁ በፊትም እናታችሁን ወደተተከለበት ቦታ ውሰዷቸውና እርሳቸው ይጫኑት።

ከውጭ ለምትልኩ ልጆች

በአሜሪካ ያላችሁ ልጆች፣ «ከዚህ ገዝተን በኮንቴይነር እንላክ» የምትሉ፣ ቆም በሉ። የእናንተ አገር መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ይለውጥ እንደሆነ እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 የተሠራ ተራ ሞተር በ50 ሲሠራ ዝግ ይላል፣ ይሞቃልም። ሌላው ከፍታችን ነው። ኤሌክትሪክ ሞተሮች በተለምዶ የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር እንደሚገባ አይቀዘቅዝም። በአየር መሳብ የሚሠራው ዐይነት ደግሞ ኃይሉ ራሱ አየሩ ነውና ለእርሱ የበለጠ ያሳስባል። የከተማችሁን ከፍታ ለሻጩ በጽሑፍ ንገሩት፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ቤታችሁ ሲንግል ፌዝ ይሁን ስሪ ፌዝ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ስታብላይዘርም አይቅር።

ወላጆቻችሁን ወደዚያው ወስዳችሁ በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ባለ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ፣ አንዳንድ ቤቶች በየወለሉ አንዱ በሌላው ልክ የተደራረቡ ቁም ሣጥኖች እንዳሏቸው ተመልከቱ፤ ኋላ የአሳንሰር መውጫ እንዲሆኑ የታሰቡ ናቸው። ሜዲኬር የቤት አሳንሰርንም ሆነ የደረጃ ወንበርን በመደበኛው አይሸፍንም። ቀጥ ላለ ደረጃ የሚሆን ወንበር በጥቂት ሺህ ዶላር ሲገኝ አሳንሰር ግን ወደ አሥር ሺዎች ይሄዳል፤ ስለዚህ ወንድማማቾች ድርሻቸውን ሥራው ሳይጀመር ቢነጋገሩ ይሻላል። አንዷ እኅት ብቻዋን ተሸክማው የተቀያየሙ ቤተሰቦች አሉ።

ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ በውጪው በርና በውስጠኛው በር መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። የአሜሪካው የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ስለዚህ ክፍተት አስጠንቅቋል፤ ትንንሽ ልጆች እዚያ መካከል ገብተው በር ሲዘጋባቸውና አሳንሰሩ ሲንቀሳቀስ ሕይወታቸው አልፏል። ክፍተቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ መሙያ ይደረግበት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አሥር ልጅ በሚሮጥበት ቤት ይህ ቸል አይባልም።

ጥገናውን በተመለከተ፣ ሻጩን «መለዋወጫው እዚህ አገር አለ ወይ? ስንት ቀን ይፈጃል? ሰው ውስጥ ቢቀር ማታም የሚመጣ ማን ነው?» በሉት። ለዚህ ጥርት ያለ መልስ የሌለው ሰው ዋጋው ቢረክስም አያዋጣም። ጉድጓዱ ክረምት ላይ ውኃ እንዳይቋጥር መሐንዲሳችሁ ያስብበት። በአሳንሰሩ ውስጥ እናታችሁ ተቀምጠውም የሚደርሱበት የጥሪ ደወል ይኑር፤ ብረቱ መሃል ሞባይል ላይሠራ ይችላል። ደረጃውም መደገፊያውን በሁለቱም ወገን ይዞ፣ የሌሊት መብራት ኖሮት ይቆይ፤ እሳት ቢነሣ በአሳንሰር አይወረድም።

በርክክቡ ቀን እናንተ ራሳችሁ ግቡና ሁለት ፎቅ መካከል ስትደርሱ ዋናውን መብራት አስጠፉ። በባትሪው ወይም በመልቀቂያው እስከ ታች ወርዶ በሩ እስኪከፈት በሰዓት ያዙ። ይህንኑ የቤት ሠራተኛዋና ትልቁ የልጅ ልጅ ከውጪ ሆነው እንዴት እንደሚያወርዱት ባለሙያው ያሳያቸው፤ ሁለቱም በየተራ ያድርጉት። የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ስጡ።