«ዕጢው ወጥቷል» ከተባለ በኋላ

ባለፈው ወር አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባችን ሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ ቤታችን መጣ። የሳንባ ካንሰር ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሦስት ሳምንቱ ነበር። «ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቶልሃል ብለውኛል። ታዲያ ይቺ መስመር ምንድን ናት?» ሲል ጠየቀን።

መስመሯ የካንሰር ሕዋሳት ከዕጢው ድንበር አልፈው በሳንባው የአየር ከረጢቶች ውስጥ መታየታቸውን ትገልጻለች። በቃል ያስረዳው ሰው አልነበረም። እኛ ዕድሜያችንን በመንግሥት ጋዜጣ ያሳለፍን ሰዎች ክፉ ወሬ በመጨረሻው አንቀጽ እንዴት እንደሚቀበር ስለምናውቅ፣ ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ አነበብነው።

የሳንባ ካንሰር በሊምፍ መስመር፣ በደም ሥር፣ እንዲሁም ሳንባን የሚሸፍነውን ስስ ገለፈት ጥሶ እንደሚዛመት ከቆየ ጀምሮ ይታወቃል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የሳንባ ዕጢዎች ምደባ ደግሞ በአየር ከረጢቶች በኩል መዛመትን ጨመረበት።

በዚያው ዓመት የኒው ዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ሐኪሞች አዴኖካርሲኖማ የተባለው የሳንባ ካንሰር ገና በትንሽነቱ የተገኘባቸውን ሰዎች መርምረው ነበር። ከሳንባቸው ጥቂት ብቻ ከተቆረጠላቸው መካከል ምልክቱ ከታየባቸው 42.6 በመቶ በሚሆኑት፣ ካልታየባቸው ደግሞ 10.9 በመቶ በሚሆኑት ላይ በ5 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ተመልሷል። ሎብ የሚባለው የሳንባ ክፍል በሙሉ ከወጣላቸው ዘንድ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። ከዕጢው የራቁት ሕዋሳት ከተቆረጠው ጠርዝ ማዶ ሊቀሩ ይችላሉና። ምልክቱ ናሙናው ሲቆረጥ በምላጭ የተጎተቱ ሕዋሳት ሊሆን ይችላል ብለው የሚከራከሩ ሐኪሞችም አሉ።

ይህ ማለት ግን ጥቂት መቁረጥ ስህተት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የጃፓን ጥናት ትናንሽ ዕጢ ካለባቸው 1,106 ሰዎች መካከል የሎቡ ከፊል ብቻ የወጣላቸው 94.3 በመቶ፣ ሙሉው የወጣላቸው 91.1 በመቶ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት እንደነበሩ አሳይቷል። በሌላ በኩል በዚያው በሳንባው አካባቢ ካንሰሩ የተመለሰባቸው በመጀመሪያዎቹ 10.5፣ በሁለተኞቹ 5.4 በመቶ ነበሩ። ችግሩ የአየር ከረጢቱ ምልክት በቀዶ ሕክምናው ሰዓት በአስተማማኝ ሁኔታ አለመታወቁ ነው። የሚረጋገጠው ብዙውን ጊዜ ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ እናንተ ወይም ዘመዳችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ከደረሳችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ ከሳንባው ምን ያህል ወጣ? ከዕጢው እስከ ተቆረጠው ጠርዝ ስንት ሚሊ ሜትር ጤነኛ ሥጋ አለ? ስንት የሊምፍ ዕጢዎች ተመረመሩ? የዘረ መል ምርመራ ተደርጓል? የክትትል ሲቲ ስካን በየስንት ወሩ ነው?

የእኛ ሰው ክፉ ምርመራ ከታማሚው መደበቅ ይወዳል። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ከባዱን ቃል ይውጠዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ግን አባቶቻችን ራሳቸው ናቸው።

ባልደረባችን ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፎ ተመልሶ ሄደ፤ ከእኛም አንዱ አብሮት ገባ። የወጣለት የሎቡ ከፊል ብቻ መሆኑን ያን ዕለት አወቀ። አሁን ቀጣዩን ስካን እየጠበቀ ነው፣ የሚጠብቀው ግን ምን እንደሆነ እያወቀ ነው።