«ሶን» እና «ሰን»፦ የቤተሰብ ስም በአይስላንድ ብርቅ ሆኖ የኖረበት ሦስት መቶ ዓመት

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2016 ምሽት በፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ አይስላንድ እንግሊዝን 2 ለ 1 ረትታ ከአውሮፓ ዋንጫ ስታሰናብታት፣ ጨዋታውን የጀመሩት የአሥራ አንዱም አይስላንዳውያን ስም በ«ሶን» ያልቅ ነበር። ከተቀያሪዎቹ መካከል የነበረው የ37 ዓመቱ አንጋፋ አጥቂ ስም ግን በ«ሰን» ያልቃል። የቼልሲና የባርሴሎና ደጋፊዎች በደንብ የሚያውቁት አይዱር ጉድዮንሰን ነው። ለሩቅ ተመልካች ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው፤ በአይስላንድ ግን ያቺ ፊደል ሁለት የስም ሥርዓቶችን ትለያለች። ጉድዮን-ሶን ቢሆን «የጉድዮን ልጅ» ማለት ነው፤ ጉድዮንሰን ግን ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ደግሞ በዚያች ደሴት ከድሮም ብርቅ ነው።

ሥርዓቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። አይስላንዳዊው በተጸውኦ ስሙ ይጠራል፤ ከኋላ የሚከተለው የአባቱ ስም ነው። የእኛ የአባት ስም እንዳለ ሲቀመጥ የእነሱ ለወንድ «ሶን»፣ ለሴት «ዶቲር» የሚል ቅጥያ ያስከትላል፤ የዮን ወንድ ልጅ ዮንሶን፣ ሴት ልጁ ዮንስዶቲር ትባላለች። ሚስት በትዳር ስሟን አትለውጥም፤ ስለዚህ አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ አራት የተለያየ መጠሪያ ይይዛሉ። የስልክ ማውጫውም የተደረደረው በተጸውኦ ስም ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትርም ሆነ ፕሬዚዳንት የሚጠሩት በመጀመሪያ ስማቸው ነው። በ1980 በሕዝብ ምርጫ በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ርእሰ ብሔር የሆኑት ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ለሀገራቸው ሰው «ቪግዲስ» ናቸው።

ሥርዓቱ ምን ያህል አጠቃላይ እንደነበረ የሚያሳየው ጥንታዊ መረጃ የ1703ቱ የሕዝብ ቆጠራ ነው። የአንድን ሀገር ነዋሪ በሙሉ በየስሙ፣ በየዕድሜውና በየኑሮ ደረጃው በመመዝገብ በዓለም ቀዳሚ ተደርጎ የሚታየው ይህ መዝገብ 50,358 ሰዎችን ይዟል። ከወንዶቹ ሩብ ገደማው ዮን፣ ከሴቶቹ አምስተኛ ገደማው ጉድሩን ይባሉ ነበር። የአባት ስም ባይከተል ኖሮ አንዱን ዮን ከሌላው ዮን መለየት በቸገረ ነበር። የዴንማርክ ንጉሥ ቆጠራውን እንዲመሩ የሾማቸው ሁለት ሰዎች ስም ራሱ ታሪኩን በአጭሩ ይናገራል። አንዱ ዝነኛው የብራና ጽሑፎች ሰብሳቢ አርኒ ማግኑሶን ነው፤ የማግኑስ ልጅ። ሁለተኛው የሕግ ሰው ፓል ቪዳሊን ነው፤ ቪዳሊን ግን የማንም አባት ስም አይደለም።

ቪዳሊን የመጣው ከሸለቆ ስም ነው። የፓል የእናቱ አባት አርንግሪሙር ዮንሶን (1568–1648) ስለ ሀገሩ በላቲን የጻፈ ምሁር ሲሆን፣ ከተወለደበት ከቪዲዳሉር ሸለቆ ስም «ቪዳሊኑስ» የሚል የላቲን መጠሪያ አበጀ። በላቲን ለሚያነብ ለአውሮፓ ምሁር «የዮን ልጅ» ብዙም አይነግረውም፤ የቦታ ስም ግን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ያስታውሰዋል። የልጅ ልጆቹ ስሙን ወረሱት፤ ከእነሱም አንዱ ስብከቶቹ ለትውልዶች በየቤቱ የተነበቡለት ጳጳስ ዮን ቪዳሊን ነው። የጳጳስ ቶርላኩር ልጅ ጳጳስ ቶርዱርም በተመሳሳይ መንገድ የአባቱን ስም ወደ ላቲን ለውጦ ቶርላሲዩስ ተባለ። ስሙ ሦስት ምዕተ ዓመት ተሻግሮ ከ2016 እስከ 2024 በፕሬዚዳንትነት ያገለገሉት የጉድኒ ዮሃነሶን የመካከል ስም ሆኖ ይገኛል። በዚህ የመጀመሪያ ዘመን የቤተሰብ ስም የያዙት ከባሕር ማዶ ተምረው የተመለሱ ጥቂት ቤተ ክህነትና ምሁራን ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው ዘመን የሹማምንትና የነጋዴዎች ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስተዳደሩ የዴንማርክ፣ ከፍተኛ ትምህርቱም የኮፐንሃገን ነበር። ዴንማርክ በ1828 ባወጣችው ድንጋጌ ሕዝቧ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ስታዝ፣ የዕለቱ የአባት ስም ባለበት ደርቆ ቀረ። የዛሬው የዴንማርክ ስም በብዛት በ«ሰን» የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። አይስላንድ በድንጋጌው አልተገደደችም፤ ፋሽኑ ግን ከዚያም አስቀድሞ ተሻግሮ ነበር። የሀገሬው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋና አስተዳዳሪ ሆኖ የተሾመው ኦላፉር ስቴፋንሶን ስቴፈንሰን ተባለ። ሌሎች የትውልድ ቦታቸውን አሳጠሩ፤ ከብርያንስላይኩር ብሪየም፣ ከብሎንዱዳሉር ብሎንዳል ወጣ። የአይዱር ስምም የተወለደው በዚህ ዘመን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሬይክያቪክ ካቴድራል ኦርጋን ተጫዋችና የሀገሪቱ የሙዚቃ ትምህርት ፈር ቀዳጅ የነበረው ፔቱር፣ ጉድዮንሶን የሚለውን የአባት ስም በዴንማርክ አጻጻፍ ጉድዮንሰን አደረገው። «ሶ» ወደ «ሰ» ስትለወጥ የአንድ ሰው ልጅነት የትውልድ ሁሉ መለያ ሆነ።

ዕድገቱ በቁጥር ይታያል። በ1855 ቆጠራ በመላ ሀገሪቱ 108 የቤተሰብ ስሞች ነበሩ፤ በ1910 ቁጥሩ 297 ደረሰ። በዚያው ጊዜ ሕዝቡ ከ65 ሺህ ገደማ ወደ 85 ሺህ ገደማ አድጓል። ሕዝቡ በሲሶ ገደማ ሲጨምር ስሞቹ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግተዋል ማለት ነው፤ በ1855 ለ600 ሰው አንድ የቤተሰብ ስም ይደርስ የነበረው በ1910 ለ290 ሰው አንድ ሆነ። በ1904 ሀገሪቱ የውስጥ አስተዳደር ነጻነት ስታገኝ የመጀመሪያው ሚኒስትር የሆኑት ሃነስ ሃፍስታይንም ባለ ቤተሰብ ስም ነበሩ። አዝማሚያው በዚሁ ቢቀጥል አይስላንድ እንደ ጎረቤቶቿ ትሆናለች ብሎ መገመት ቀላል ነበር።

ሕጉም በመጀመሪያ ያንኑ መንገድ ያዘ። በ1913 አልቲንጊ የተባለው ፓርላማ ማንም ሰው በመንግሥት ፈቃድ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ፈቀደ፤ በ1915 ደግሞ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ሕዝቡ ሊመርጣቸው የሚችላቸውን ስሞች ዘርዝሮ በመጽሐፍ አሳተመ። ነገር ግን የሉዓላዊነቱ ስሜት ሲጠነክር ክርክሩ ተገለበጠ። አይስላንድ በ1918 ሉዓላዊ መንግሥት ሆነች፤ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ያልተለወጠው ቋንቋዋ የማንነቷ ምሰሶ ተደርጎ ታየ። የቤተሰብ ስሞች ግን የሰዋስውን ሕግ አያከብሩም፤ በጾታ አይለዩም፣ እንደ ሌላው ስም በአገባብ አይረቡም። ተቃዋሚዎቹ የቤተሰብ ስም የዴንማርክ ቅሪት፣ የቋንቋም ሳንካ ነው አሉ።

ትልቁ መታጠፊያ የ1925 ሕግ ነው። ከዚያ ወዲያ አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝ ተከለከለ፤ ከ1913ቱ ሕግ በፊት የነበሩት ለተተኪ ትውልድ እንዲተላለፉ ሲፈቀድ፣ ከሕጉ ወዲህ የመጡት በባለቤቶቹ ዕድሜ እንዲያበቁ ተደረገ። የውሳኔውን ልዩነት ለማየት ወደ ጎረቤት መመልከት ይበቃል። ኖርዌይ ዜጎቿ ሁሉ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ በሕግ ያስገደደችው በ1923፣ ማለትም አይስላንድ ከመከልከሏ ሁለት ዓመት ብቻ ቀደም ብላ ነው። ከአንድ የባህል ምንጭ የተቀዱ ሁለት ሀገሮች በአንድ አሥርተ ዓመት ውስጥ ተቃራኒ አቅጣጫ ያዙ።

በሩ ሊዘጋ ሲል ካለፉት መካከል አንድ ሰው ዓለም ያውቀዋል። በ1902 ሃልዶር ጉድዮንሶን ተብሎ የተወለደ ልጅ ከሬይክያቪክ ወጣ ባለ ላክስነስ በሚባል የእርሻ ቦታ አደገ። ወጣት ደራሲ ሳለ፣ በ1923 ካቶሊክ ሲሆን፣ ኪልያን የሚለውን የቅዱስ ስም ጨምሮ በእርሻው ስም ሃልዶር ኪልያን ላክስነስ ተባለ፤ በ1955 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን የተቀበለውም በዚህ ስም ነው። እንግዲህ ጉድዮንሶን ከሚለው ከአንዱ የአባት ስም፣ በተለያየ ዘመን፣ ሁለት ብርቅ ስሞች ወጥተዋል። ኦርጋን ተጫዋቹ ቅጥያውን ለወጠ፤ ደራሲው ስሙን እንዳለ ትቶ ቦታውን ያዘ። የደራሲው ልጅ፣ የፊልም አዘጋጇ ጉድኒ ሃልዶርስዶቲር፣ ግን ወደ ነባሩ ልማድ ተመልሳ የሃልዶር ልጅ ትባላለች።

ከ1925 በኋላ ያሉት አሥርተ ዓመታት የሕግ አውጪው ሐሳብ ሌላ፣ ውጤቱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ዓላማው ሁሉንም ወደ አንድ ልማድ መመለስ ነበር፤ ነገር ግን ነባሮቹ ስሞች እየተወረሱ አዲስ እንዳይጨመር በመደረጉ፣ የቤተሰብ ስም ቁጥሩ የተወሰነ የጥቂት ቤቶች ቅርስ ሆነ። ጉድዮንሰን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኤፕሪል 1996 ታሊን ላይ አይስላንድ ከኤስቶኒያ ስትጫወት የ17 ዓመቱ አይዱር አባቱን አርኖርን ተክቶ ገባ፤ የወጣውም የገባውም ጉድዮንሰን ነበሩ። በነባሩ ልማድ ቢሆን ልጁ አርኖርሶን በተባለ ነበር። ኋላ የአይዱር ልጆችም በዚሁ ስም ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰለፉ። ለእንግሊዝ የጨዋታ ዘጋቢ ይህ ተራ ነገር ነው፤ አይስላንድ ውስጥ ግን ሦስት ትውልድ በአንድ ስም መጠራቱ ራሱ የዘር ምልክት ነው።

የሕጉ ሌላ ገጽ ያረፈው በባዕዳን ላይ ነው። ለበርካታ ዓመታት ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ ሰው አይስላንዳዊ ስም እንዲይዝ ይገደድ ነበር። ግዴታው በ1991 ላላ፣ በ1996 ሕግ ተነሣ። ሁለተኛው መታጠፊያ ይህ ነው። የ1996ቱ ሕግ በአንድ በኩል አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን እንደከለከለ ቆየ፤ በሌላ በኩል ነባር ስሞች በወንድም በሴትም መስመር እንዲተላለፉ ፈቀደ፤ ከውጭ የመጣም ስሙን ይዞ እንዲኖር በሩን ከፈተ። በዚያው ዓመት ከነዋሪው መካከል ስደተኛው 2 በመቶ ገደማ ነበር። በ2024 መግቢያ ግን ከ380 ሺህ በላይ ከሆነው ሕዝብ 18 በመቶ ገደማው ከውጭ የመጣ ሲሆን ትልቁ ክፍል የፖላንድ ሰው ነው። በዓሣ ፋብሪካው፣ በሆቴሉና በግንባታው ቦታ የሚሠራው ሰው ስሙን ከነቤተሰቡ ይዞ መጥቷል። በ70 ዓመት ውስጥ ሕግ ያጠበበውን፣ የሥራ ገበያ ከ30 ዓመት ባነሰ ጊዜ አሰፋው።

ያም ሆኖ ነባሩ ሥርዓት አልተናደም፤ ይልቁንም ራሱን እያሻሻለ ነው። በእናት ስም መጠራት ሕጋዊ አማራጭ ነው። በ2019 የወጣው የጾታ ራስ ገዝነት ሕግ ወንድም ሴትም ተብለው ያልተመዘገቡ ሰዎች «ሶን» እና «ዶቲር» ትተው «ቡር» የሚል ቅጥያ እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። ክልከላውን ጨርሶ ለማንሳት የቀረቡ ረቂቆች ግን አልጸደቁም።

የእኛም መዝገብ አንድ ተዛማጅ ምዕራፍ አለው። ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ደንግጎ፣ በመንግሥት ሰነድ ላይም ይኸው ስም ቀድሞ እንዲጻፍ አዘዘ። ከስልሳ ዓመት በኋላ ግን የልደት ሰርተፊኬታችን የሚጠይቀው የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ነው፤ ሕጉ ያሰበው የቤተሰብ ስም ከወረቀት አልወረደም። ኢትዮጵያዊው የቤተሰብ ስም የሚያገኘው ባሕር ማዶ ሲሄድ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ቅጽ ሲሞላ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም በመጨረሻው ሳጥን ይገባና እዚያ የሚወለዱት ልጆቹ ይወርሱታል። የዴንማርክ «ሰን» የደረቀው እንዲህ ነው።

ከቪዳሊኑስ እስከ ዛሬው የፖላንድ ሠራተኛ ያለው ጉዞ አንድ ነገር ያሳያል። የቤተሰብ ስም በአይስላንድ የበዛው ሕግ ስለፈቀደ፣ የቀነሰውም ሕግ ስለከለከለ ብቻ አይደለም። በየዘመኑ የገባው ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር በወረቀት መገናኘት ሲኖርበት ነው፦ በላቲን መጽሐፍ፣ በዴንማርክ ደብዳቤ፣ በድንበር ላይ ፓስፖርት። እርስ በርሱ ለሚተዋወቅ ሕዝብ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ በቂ ነው፤ ለማያውቅህ ግን የማይለወጥ ስም ያስፈልጋል። አይስላንድ ከባዕድ ጋር ስትገናኝም ቢሆን በውስጧ የአባቷን ስም እየጠራች ለመኖር ወስናለች፤ በኒስ ሜዳ ላይ አሥራ አንዱም «ሶን» ሆነው የገቡትም ለዚህ ነው።