ዕጣው ሲመለስ ገንዘቡን የሚቀበለው ማነው?

አንበሳሜ፤ (ደቡብ ጎንደር)፦ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአንበሳሜ ዙሪያ ጤፉና ዳጉሳው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ደጋግመው ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ «ዕጣዬን መልሱልኝ» የሚለው ነው። ጠያቂው ልጆቹን ተከትሎ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ የተነሣ አባወራ ይሆናል፤ ወይም ባለቤቷ የሞተባት እናት ትሆናለች፤ ወይም ደግሞ የማዳበሪያ ዕዳውን ሳይከፍል ከማኅበሩ ለመውጣት የቸኮለ አባል ይሆናል። የሦስቱም ጥያቄ በቃል አንድ ቢመስልም በሕግ ፊት አንድ አይደለም። የሚከፈላቸውም ገንዘብ እንደዚሁ ይለያያል።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ዕጣ ሲገዛ በደስታ የተከፈለ ገንዘብ ሲመለስ የጠብ ምክንያት መሆኑን የማኅበር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ስለሆነም ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚገባው ማን እንደሆነ፣ ምን ያህልና በምን ሁኔታ እንደሚከፈለው አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን መለየት ይገባል። ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ያለው «ዕጣ» ይባላል፤ በባንክ ወይም በሌላ የንግድ ኩባንያ ውስጥ ያለው ደግሞ «አክሲዮን» ነው። በሁለቱም ገንዘብ ይገባል፣ ከሁለቱም ትርፍ ይጠበቃል፤ ወረቀታቸውም ይመሳሰላል። ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ ግን ለየብቻ ነው። የማኅበሩን ዕጣ ራሱ ማኅበሩ መልሶ ሊወስደውና ዋጋውን ሊከፍል ይችላል። የኩባንያን አክሲዮን ግን ኩባንያው እንደ ተቀማጭ ሒሳብ ደብተር በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ አውጥቶ አይሰጥም። ይህን ሳይለዩ የተመዘገቡ ሰዎች በኋላ ሲቸገሩ ይታያሉ።

ወደ ማኅበሩ ዕጣ እንመለስ። ዛሬ የሚሠራበት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 በ2009 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ይሠራበት ነበር። በአዋጁ መሠረት አባል የሆነ ሰው የያዘው ዕጣ ብዙም ይሁን ጥቂት በጠቅላላ ጉባኤ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። አንድ አባል ከማኅበሩ የተከፈለ የዕጣ ካፒታል ከ10 በመቶ በላይ እንዲይዝም አይፈቀድለትም። ይህች የ10 በመቶ ገደብ በተለይ አባላት በሚለቁበት ጊዜ ልትታሰብ ይገባታል። ምክንያቱም ገንዘብ ያለው አባል ከሚለቁት ላይ ዕጣ እየሰበሰበ ሲገዛ ዝም ከተባለ፣ ማኅበሩ በስሙ የብዙኃን ሆኖ በካፒታሉ የጥቂቶች ይሆናል።

የሚለቅ አባል የሚያገኘው የዕጣውን የተጻፈበትን ዋጋና፣ ጉባኤ አጽድቆለት ሳይወስደው የቀረ የትርፍ ድርሻ ካለው እርሱን ነው። መጋዘኑ፣ ወፍጮው፣ የመጠባበቂያው ገንዘብ ለአባላት ተቆራርጦ የሚታደል አይደለም። «መጋዘኑን ስንሠራ ድንጋይ ተሸክሜአለሁ፣ ድርሻዬ ይታሰብ» የሚል አባል ቢመጣ ልፋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን መጋዘኑ የማኅበሩ የጋራ ሀብት ስለሆነ በሚለቀው ሰው ልክ አይሸነሸንም። በሌላ በኩል ደግሞ ማኅበሩ ከአባሉ የሚፈልገው ዕዳ ካለ ከዕጣው ላይ ቀድሞ ያነሣል። ከፊሉን ብቻ ለማውጣት የሚጠይቅ አባል ቢኖር ደግሞ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ ለአባልነት የተወሰነው ዝቅተኛ የዕጣ ቁጥር በእጁ መቅረት አለበት።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በቁጥር እንየው። አንድ ዕጣ በ200 ብር የሚሸጥ ማኅበር አለ እንበል። አባሉ 10 ዕጣ ገዝቷል፤ ይህ 2,000 ብር ነው። ያልወሰደው የትርፍ ድርሻ 340 ብር አለ። ከዚህ ላይ 900 ብር የዘርና የማዳበሪያ ዕዳ ይቀነሳል። ቀሪው 1,440 ብር ነው። አባሉ ራሱ ቆሞ ከሆነ የሚለቀው፣ ይህን ተቀብሎ በመዝገቡ ላይ ፈርሞ ይሄዳል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል።

አባሉ ሞቶ ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ኮሚቴዎች የሚሳሳቱት። በሟቹ ስም የተመዘገበው ዕጣ ለወራሹ ይተላለፋል፤ ወራሹ አባል ለመሆን ካልፈለገ ወይም የአባልነት መመዘኛውን ካላሟላ ዋጋው ይከፈለዋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። የሚዘነጋው ግን የሚስት መብት ነው። በአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በትዳር ውስጥ በጋራ ገቢ የተገኘ ንብረት በአንደኛው ወገን ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የጋራ ነው። ስለዚህ ዕጣው የተገዛው ሁለቱ በአንድነት ካረሱት እህል ከሆነ፣ ከላይ ካየነው 1,440 ብር ውስጥ 720 ብሩ ከውርስ በፊት የእርሷ የራሷ ነው። ለወራሾች የሚከፋፈለው ቀሪው 720 ብር ብቻ ነው። «ወራሾቹ ተስማምተው ይምጡ» ተብላ የምትመለስ እናት ግማሹን የገዛ ገንዘቧን ጭምር ነው የምትከለከለው።

ከገንዘቡም የሚበልጥ ነገር አለ። እናቲቱ 720 ብሩን ይዛ ከመሄድ ይልቅ ዕጣውን በስሟ አዛውራ አባል ብትሆን ልትመርጥ ትችላለች። አባል ከሆነች በጉባኤ ድምፅ ይኖራታል፤ ትርፍ ሲከፋፈል ትካፈላለች፤ ማኅበሩ ለአባላቱ ከሚሰጠው አገልግሎትም ትጠቀማለች። ኮሚቴው ገንዘብ ቆጥሮ ከመስጠቱ በፊት ይህን ምርጫ ሊያስረዳት ይገባል። ለነገሩ የክልላችን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይዞ ሲገኝ፣ ከዚያው መሬት በተገኘ እህል የተገዛው ዕጣ መዝገብ የባልን ስም ብቻ ይዞ መቅረቱ ለዚህ ጸሐፊ ምክንያቱ አይገባውም። መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር እስክሪብቶና ማስመሪያ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በዕድሜ የገፉ ገበሬዎች ስለ ዕጣ ሲነገራቸው የሚጠራጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 71 የገበሬ ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኙ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራትም እንዲቋቋሙ ተደረገ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ራሱን የቻለ አዋጅ ወጣ። ገበሬውም ከኪሱ እያወጣ የመመዝገቢያና የዕጣ ከፈለ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የአምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግም በብዙ ቦታ የአገልግሎት ማኅበራት ሱቆችና መጋዘኖች ተዘረፉ፤ መዝገብም አብሮ ጠፋ። መዝገብ ከሌለ ማን ስንት ዕጣ እንደነበረው በምን ይታወቃል? ገንዘቡም በዚያው ቀረ። ዛሬ አዲስ ዕጣ ግዙ የሚል መሪ ከዚህ ትውስታ ጋር መነጋገሩን ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ አክሲዮኑ እንሻገር፤ ባለፉት ዓመታት ከማኅበር ዕጣ ሌላ የባንክ አክሲዮን የገዛ ገበሬና የገጠር ከተማ ነዋሪ በዝቷልና። በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክ ከመቶ ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖችን ይዞ የተነሣ ነው። ከእነዚህም አብዛኞቹ አነስተኛ ገንዘብ ያወጡ ናቸው። ልጅ ሊድር ወይም በሬ ሊገዛ ብር ያስፈለገው ባለአክሲዮን ወደ ባንኩ ሄዶ «አክሲዮኔን መልሳችሁ ግዙኝ» ቢል የሚያገኘው መልስ ምን ይሆናል?

ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለው የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንድ የአክሲዮን ኩባንያ የራሱን አክሲዮን የሚገዛው በጠባብ ሁኔታ ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። የባለአክሲዮኖች ጉባኤ መወሰን አለበት፤ ገንዘቡ ከተጣራ ትርፍ መውጣት አለበት፤ የሚገዛውም አክሲዮን ዋጋው ሙሉ በሙሉ የተከፈለ መሆን አለበት። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ቢተካም የጥንቃቄው ምክንያት ያው ነው። ካፒታሉ ለአበዳሪዎችና ለገንዘብ አስቀማጮች መያዣ ስለሆነ፣ ባለአክሲዮን በጠየቀ ቁጥር እየተቀነሰ አይሰጥም። ስለዚህ የአክሲዮን ባለቤት መንገዱ ሌላ ገዢ መፈለግ፣ ሽያጩን በሕጋዊ ውል ማድረግና በኩባንያው የአክሲዮን መዝገብ ስሙን ማዛወር ነው። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. መከፈቱና ወጋገን ባንክ በመጀመሪያ መመዝገቡ ወደፊት ገዢና ሻጭን ለማገናኘት ይረዳል። ሆኖም በገበያው ያልተመዘገበ ኩባንያ አክሲዮን በዚያ በኩል እንደማይሸጥ መታወቅ አለበት።

ማን ይገዛል፣ ማንስ ይመለስለታል የሚለው ጥያቄ በዜግነትም ሊወሰን ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሽያጭ ሲያቀርብ ገዢው ኢትዮጵያዊ እንዲሆን ግድ ነበር። አነስተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር፣ ትልቁ ደግሞ 3,333 አክሲዮን ነበር። በየካቲት ወር ሽያጩ ሲዘጋ 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን ተሸጦ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ተሰብስቧል።

በውጭ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ የ2009 ዓ.ም.ን ነገር ያስታውስ። በዚያ ዓመት ብሔራዊ ባንክ ዜግነታቸውን የለወጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያላቸውን አክሲዮን እንዲለቁ አዘዘ። ባለቤቶቹ የተከፈላቸው የአክሲዮኑ የተጻፈበት ዋጋ ነው፤ አክሲዮኑ በጨረታ ሲሸጥ ከዚያ በላይ የተገኘው ትርፍ ለእነርሱ አልሆነም። ባንኮቹ ሲቋቋሙ ገንዘባቸውን ያወጡ ሰዎች የዓመታት ዕድገቱን ሳያገኙ ወጡ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1159 ሕጉ ተሻሽሎ ትውልደ ኢትዮጵያውያን እንደገና በባንክ ባለአክሲዮን እንዲሆኑ ተፈቀደላቸው። ስለሆነም ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ወይም ወንድም በዘመዱ ስም አክሲዮን ወይም ዕጣ ለመግዛት ሲጠይቅ፣ መዝገቡ የሚያውቀው ስሙ የተጻፈበትን ሰው ብቻ መሆኑን ከወዲሁ መንገር ይበጃል።

የሌላ አገር ልማድ አንድ ነገር ያስተምራል። በሕንድ አገር አንድ ኩባንያ ለባለአክሲዮኖቹ በሙሉ ጥሪ አድርጎ አክሲዮኑን መልሶ ሲገዛ፣ አስቀድሞ የመዝገብ ቀን ይቆርጣል። በዚያ ቀን ስሙ በመዝገብ የተገኘ ብቻ ለጥሪው ብቁ ይሆናል። የያዘው አክሲዮን ዋጋ ከ200,000 ሩፒ የማይበልጠው ደግሞ አነስተኛ ባለአክሲዮን ይባላል፤ ከሚገዛውም ውስጥ ቢያንስ 15 በመቶው ለነዚህ አነስተኞች ተለይቶ ይቀመጣል። ካልሆነ ትልልቆቹ ጥሪውን ሞልተው አነስተኛው በር ላይ ይቀር ነበር።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከዚህ የሚወስዱት ነገር አለ። በአንድ ዓመት አሥር ሰው ለመልቀቅ ቢጠይቅና ማኅበሩ ለአራቱ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢኖረው ማን ይቅደም? ደንቡ ካልተናገረ ለሊቀ መንበሩ የሚቀርበው ሰው ይቀድማል፤ ሐሜቱም ከዚያ ይነሣል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የሟች ቤተሰብ ቢቀድም፣ ቀጥሎ አነስተኛ ዕጣ ያላቸው ቢስተናገዱ፣ ብዙ ዕጣ ያለው ደግሞ በሁለትና በሦስት ዓመት ከፋፍሎ ቢቀበል ይሻላል። ለማዳበሪያ መግዣ የተቀመጠው ገንዘብ ግን ለዚህ ሥራ መነካት የለበትም፤ የሚለቀውን አስደስቶ የሚቀረውን ያለ ማዳበሪያ ማስቀረት ይሆናልና። ይህን ደንብ የሚያወጣው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤትም በአዘገጃጀቱ ሊረዳ ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን መዝገቡ ይታይ። በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ የአባላቱ ስም፣ የዕጣቸው ቁጥርና የከፈሉት ገንዘብ ጮክ ተብሎ ቢነበብ፣ ደረሰኙን ይዞ የመጣ ሁሉ በዚያው ያመሳክራል። ደረሰኝ የጠፋበት አባል ቢኖር፣ ሲከፍል ያዩ ሰዎች በሕይወት ሳሉ በጉባኤው ፊት ይጣራና ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የመዝገቡ አንድ ቅጂ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።